የጥብቁ ዳኛ ዐይን

ልጆቹ ናቸው ተናገሪ ያሉኝ። የልጄ ልጅ ደባርቅ ቢሮ ገብታ ትሠራለች። ሰሞኑን ጎንደር ለስልጠና ሄዳ ተመለሰችና ወረቀቷን ዘርግታ "መሪ የራሱን ስሜት ማወቅ፣ የሌላውንም ስሜት መረዳት አለበት" እያለች ለታናናሾቿ ታነባለች። እኔ ከጥግ ተቀምጬ ሱፍ እባዝታለሁ። ሳላስበው ሳቅሁ መሰለኝ።

"ምን ያስቅሻል እምዬ?" አለችኝ።

"ስሜት ስትሉ እንባም ይጨመራል?"

"ይጨመራል እንጂ!"

"እንባ ያለው መሪ ጥሩ ነው ይላል ወረቀቱ?"

ወረቀቱን ገለበጠች፣ መልሳ ገለበጠች። "እሱ እዚህ ላይ የለም" አለች።

"እንግዲያው ወረቀትሽ ግማሽ ነው" አልኋት።

ይኸውና ስልኳን አፌ ሥር ደቅና ንገሪን እያለችኝ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ያልሁትን እንዳታሳምሪው ብዬ አስጠንቅቄያታለሁ። ታሳምረዋለች ብዬም እጠረጥራለሁ። መጠርጠር የቆየ አመሌ ነው፤ ነገሩም የመጣው ከዚሁ አመሌ ነው።

እኔ ሙሾ አውራጅ ነበርሁ። ከደባርቅ እስከ ዳባት፣ ከዳባት እስከ ኮሶዬ ሰው ሲሞት እኔ ነኝ የምጠራው። ዳማ በቅሎ ነበረችኝ። እሷ ላይ ወጥቼ ከለቅሶ ለቅሶ፣ ከለቅሶ ክርስትና፣ ከክርስትና ጠበል ስዞር እድሜዬን ጨረስሁት። አንድ ቤት ሁለት ሳምንት ከተቀመጥሁ እግሬን ይበላኛል። ጉልበቴ ግን ገና በደህናው ዘመን ከድቶኝ ነበር። መንደራችን ከአስፋልቱ የአንድ ሰዓት አቀበት ነው። ያለ በቅሎ እኔ ከደጄ አልወጣም። ይህን ያዙልኝ፤ እግሬ እሷ ነበረች።

ሙሾ ማውረድ ሰው እንደሚያስበው ማልቀስ አይደለም። ማስለቀስ ነው። ለቅሶ ቤት ስደርስ መጀመሪያ ከሴቶቹ ጓዳ እገባለሁ። ሟቹ በምን ይጠጣ ነበር? የትኛውን በሬ ይወድ ነበር? ሲስቅ እንዴት ነበር? እያልሁ እጠይቃለሁ። ሰው "ደግ ነበር" ሲባል አያለቅስም። ገብስ ሲያበራይ ከሩቅ የምትሰማዋ ሳሉ ስትነሳ ነው የሚያለቅስ። ይህን ሁሉ ይዤ ወጥቼ ግጥሙን እሰጣለሁ፤ ሕዝቡ እየረገደ ይቀበለኛል። ሲደክማቸው አሳርፋቸዋለሁ፣ ሲቀዘቅዙ አግላቸዋለሁ፣ አንዲቷ ራሷን ልትስት ስትል ግጥሙን ወደ ሌላ አዞረዋለሁ። ይህ ሁሉ የሚሆነው እኔ ራሴ ሳላለቅስ ነው። ያለቀስሁ እንደሆነ ግጥሙ ይጠፋብኛል። ሙሾ ሳወርድ አንድ ጊዜ ብቻ አለቀስሁ፤ እህቴ የሞተች ለት። አፌ ተያዘ፣ ለቅሶው ተበተነ። ሰዉ አዘነልኝ እንጂ የእህቴ ለቅሶ አላማረም።

ስለዚህ እንባ አውቃለሁ። እውነተኛ እንባ ከጉሮሮ ነው የሚነሳ። መጀመሪያ ድምፅ ይሰበራል፣ አፍንጫ ይቀድማል፣ ከንፈር አልታዘዝ ይላል፤ እንባ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። የውሸቱ ከዐይን ይጀምራል። በለቅሶ ቤት ስንቷን ምራት ይዣለሁ! በነጠላዋ ጫፍ ሽንኩርት ቋጥራ የመጣችም ነበረች።

አሁን ወደ ሣሩ ልምጣ።

ከመንደራችን በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ሰፊ የሣር ሜዳ አለን። ጥብቅ እንለዋለን። ሰኔ ሚካኤል ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይነካውም። የካቲት ኪዳነ ምሕረት ይከፈታል። ያኔ ገለባው ሁሉ አልቆ ከብት አፈር ይልሳል፤ እስከ ክረምት የሚያሻግረን ያ ሣር ነው። በየቀኑ ሁለት ሁለት ቤት በተራ ይጠብቀዋል። የበላይ ደግሞ ዳኛ አለው። ዳኛው ጠዋት ጠዋት ይወጣና ኮቴና እዳሪ እያየ የማን ከብት እንደ ገባ ይለያል። የተያዘበት ሰው ከብቱ ይለቀቅለታል፤ እሱ ግን አንድ ቀን ሙሉ የጥብቁን ዳር በድንጋይ ሲክብ ይውላል።

ከድሮ ጀምሮ ዳኛው ወንድ ነበር። የመጨረሻው ሽማግሌ ሲጮህ ገደሉ ይመልስለታል፤ ግን ከጩኸቱ በቀር ምንም አልነበረውም። ከብቱ ሲነጋጋ ይገባል፣ እሱ ከቁርስ በኋላ ይጮሃል። ሰው ሲሰለቸው አንዲት ሴት መረጠ። ባሏ የሞተባት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የመረጥናት ኮቴ ስለምታነብ ነው። የማንን ላም የትኛው ጥፍሯ እንደ ተሰነጠቀ ታውቅ ነበር።

መጀመሪያ የፈረደች ለት እኔም ነበርሁ። ጎረቤቴ ነው የተከሰሰው። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ሳቂታ፣ ሆደ ቡቡ፤ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር። ሁለት በሬዎቹ ገብተው ተገኝተዋል።

"አንድ ቀን ካብ ትሠራለህ" አለችው።

"ምነው እታለም፣ የእኔ በሬዎች እኮ መንገድ ጠፍቷቸው ነው! ልጠይቃቸው?"

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቀጥ ብላ ስታየው ሁለቱም ዐይኖቿ ሞሉና እንባው በጉንጯ ወረደ። ሳቁ ቆመ። ጎረቤቴ ደነገጠ፣ ቆቡን አወለቀ።

"በቃ፣ በቃ! እሠራለሁ! ሁለት ቀን እሠራለሁ፣ አታልቅሽብኝ!"

ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሏ ሕግ ሆነ። ትቀጣለች፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። "እየከለከለችን እኛው ላይ ታዝናለች" ይባባላሉ። "እንዲህ ያለ ዳኛ የት ይገኛል?" ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ሣሩ ከጉልበት አልፎ ወገብ ደረሰ።

እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላመንሁም። ድምጿ አልተሰበረም ነበር። አፍንጫዋም ደረቅ ነበር። ከዐይን ነው የጀመረው።

ለማንም ሳልናገር መከታተል ያዝሁ። ሠርግ ቤት አየኋት፤ ሰው ሲዘፍን እንባዋ ይወርዳል። ገበያ አየኋት፤ ድንች ስትመርጥ እንባዋ ይወርዳል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ተጠግቼ ሳምኋትና የነጠላዋን ጫፍ አሸተትሁ። ሽንኩርት የለም። ቅቤና ጭስ ብቻ። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ። ምንድን ነው ዘዴዋ? እኔ ያላወቅሁት የእንባ ዘዴ በዚህ አገር አለ እንዴ? እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ቅናትም ነበረበት። እኔ መቶ ሰው ለማስለቀስ ግማሽ ቀን እለፋለሁ፤ እሷ ዝም ብላ ቆማ አገር ታስለቅሳለች።

በሦስተኛው ዓመት በቅሎዬ ተያዘች።

እስከ ዛሬ ገመዱ ተፈትቶ ነው የምል። ዛሬ ስልኩ ይስማ፤ ገመዱን ያላላሁት እኔ ነኝ። በቅሎዬ አርጅታ ጥርሷ አልቆ ነበር፣ ገለባ አልፈጭ ብሏታል። ጥብቁ ዳር አሰርኋትና ገመዱን አስረዘምሁላት። በማግሥቱ ጠዋት ዳኛዋ ደጄ መጥታ ቆመች።

"እማማ፣ በቅሎዋ ገብታለች።"

"የኔ? የኔዋ ከቤት አልወጣች!"

"ፋንድያው ውስጥ የባቄላ ገለባ አለበት። ዘንድሮ ባቄላ የዘሩት አንቱ ብቻ ነዎት።"

ምን ይባላል?

"ነገ ካቡ ላይ ይመጣሉ" አለችኝ።

"በዚህ ጉልበቴ?"

"ድንጋይ አያነሱም። በድንጋዩ መሃል ጠጠር ይሞላሉ።"

ይህን ስትል እንባዋ ይንቆረቆራል። ፊቷ ግን እንደ ጠራ ሰማይ ነው፣ ምንም የለበትም። እንዴት እንደ ተቃጠልሁ! ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እያለቀሰች ታሠራኛለች!

በማግሥቱ ሄድሁ። እሷም መጥታ አጠገቤ ድንጋይ ታነሳ ጀመር። ከተቀጣ ሰው ሁሉ ጋር አብራ ትክብ ነበር፤ ይህንም ስንናገር ደግነት እንለው ነበር። እኔ ጠጠሬን እየሞላሁ በጎን አያታለሁ። እንባዋ ይወርዳል።

"አሁን ደግሞ ለማን ነው?" አልኋት።

"ነፋሱ ነው እማማ።"

"ነፋሱ ለእኔ አይነፍስም?"

ፈገግ ብላ ድንጋይዋን አነሳች። ቀትር ላይ ውኃ ልጠጣ ብላ ወደ ምንጩ ወረደች። ቆይቼ ተከተልኋት። ጀርባዋን ሰጥታ ድንጋይ ተደግፋለች። ሁለቱ እጆቿ ፊቷ ላይ ናቸው፤ ክንዷ ትንሽ ትንሽ ነቅነቅ ይላል። ከዚያ ዞረች፤ ዐይኗ ደም መስሏል፣ እንባው እንደ ጉድ ይወርዳል። ያዝሁሽ! አልሁ በልቤ። እዚህ ነው የምትሠሪው!

ምን ስትሠራ እንደ ነበር አላየሁም። ማየትም አላስፈለገኝ። የጠረጠረ ሰው ግማሹን ካየ ግማሹን ራሱ ይጨምርበታል።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ነሐሴ ሳይጨርስ ተቋረጠ። ገብሱ አጠረ፣ ገለባው ከገብሱ አጠረ። ታኅሣሥ ሲገባ ከብቱ አጥንቱ ታየ። ጥብቁ ብቻ ወገብ ድረስ ቆሟል፤ ሳንቃ በር ከሚባለው ቦታ በኩል የሚመጣ ነፋስ እንደ ውኃ ያወዛውዘዋል። የእኔ በቅሎ ቀና ብላ ወደዚያ ስታይ ትውላለች። ስቀርባት ትንፋሿ ሣር ሣር አይልም፤ አፈር አፈር ይላል። ያ ሣር ካልተከፈተ ልትሞትብኝ ነው፣ ከሞተች ደግሞ እኔ ከደጄ ላልወጣ ነው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ዛፍ ሥር ጉባኤ ተጠራ። ጎረቤቴ ተነሣ።

"ከብቶቻችን ዐይናችን እያየ እያለቁ ነው! ሣሩ ለማን ነው የሚቀመጠው? ለጭላዳ ዝንጀሮ? ጭላዳው በየቀኑ ይግጠዋል፤ እሱን ካብ አታሠሪውም?"

"አንተ ድንጋይ ማንሣት ካስተማርኸው አሠራዋለሁ" አለች።

ሰው ሳቀ። ጎረቤቴም ሳቀ። እሷ ቀጠለች።

"የካቲት ሁለት ወር ቀርቶታል። አሁን ገለባ አለ፣ ትንሽም ቢሆን አለ። ጥብቁ ዛሬ ከተከፈተ መጋቢት ላይ ባዶ ነው። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ምን ልታበሏቸው ነው?"

እንባው ወረደ። ሰው አንድ በአንድ ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ። አውቀዋለሁ ይህን፤ ሕዝብ ሲለሰልስ እንዴት እንደሚሆን ሙያዬ ነው። አንድ ትንፋሽ ቀርቶታል፤ ሊበተኑ ነው፣ እሷ ልታሸንፍ ነው። ተነሣሁ።

"ልጄ" አልሁ፣ "እኔ በዚህ አገር ስንቱን ቀብር ያስለቀስሁ ነኝ። እንባ አውቃለሁ። ይህ እንባሽ ከሐዘን የመጣ አይደለም።"

አንዱ "ተይ እማማ" አለኝ። አልተውሁም።

"ምንጩ ጋ አይቼሻለሁ። ከሰው ተሸሽገሽ ዐይንሽን ስትሠሪ አይቼሻለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በውሸት እንባ ገዛሽን!"

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ትክዳለች ብዬ ነበር። ቢያንስ ትቆጣለች። እሷ ግን እጇን ወደ አንገቷ ሰድዳ ማተቧ ላይ ያንጠለጠለችውን ወረንጦ አወጣች፤ እሾህ የምንነቅልበትን።

"እኔ መቼ አለቀስሁ?" አለች። "አለቀስሁ ብዬ ለማን ተናገርሁ? ዐይኔ ነው። ጸጉሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ይወጋኛል። ሲብስብኝ በዚህ እነቅለዋለሁ።"

ያኔ ነው የገባኝ። እናቴ እኮ እንዲህ ነበረች! በልጅነቴ በወረንጦ የእናቴን የዐይን ጸጉር የነቀልሁላት እኔ ነኝ። ይህን የማያውቅ ቤት በእኛ አገር የለም። ግን የአሮጊት በሽታ ነው ብዬ እንደ ሆነ፣ ወይ ሌላ ነገር ልይ ብዬ ስለ ቆረጥሁ እንደ ሆነ አላውቅም፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከፊቴ ቆሞ አላየሁትም።

እኔ ደንግጬ ስቀመጥ ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አላበቃም። ከሴቶቹ መሃል አንዷ ተነሣች።

"አምና ልጄ ታሞብኝ፣ ላሜን ትንሽ ላስግጣት ብዬ ስለምንሽ ያለቀስሽልኝስ?"

ዳኛዋ ወረንጦውን ወደ አንገቷ መለሰች። "ያን ለትም ዐይኔ ነበር" አለች። "ባለቅስም ባላለቅስም ላምሽ አትገባም ነበር። ማዘኔን በዐይኔ አትለኩት። ሣሩን እዩ።"

እውነት ተናገረች፤ በእውነቷም ወደቀች። የውሸት እንባ ነው ያልሁት እኔ እንኳ እንዲያ አልጎዳኋትም። ሰው ተያየ። ፊቱ ሁሉ ሲዘጋ አየሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የታዘዙት ለሣሩ ብለው መስሏታል አልሁ ያኔ። እነሱ የታዘዙት ለሚያዝንላቸው ሰው ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ እንዳልነበረ አሁን ሰሙ።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ "ዳባት ሐኪም ቤት በነጻ ይሠሩታል አይደል እንዴ ይህን ዐይን?" አሉ። "ስንቷ አሮጊት ተሠርታ ድናለች። አንቺ ወጣቷ ለምን አትሄጂም?"

ያችን ጥያቄ ብቻ ሳትመልስ ቀረች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔም በድንጋጤዬ መሃል ይህን አልሳትሁትም፤ ለምን ዝም አለች? አልሁ። ምን ትደብቃለች?

ዳኝነቱን ወሰዱባትና ለጎረቤቴ ሰጡት። ጎረቤቴ እነዚያን ከሲታ ከብቶች እያየ ሊናገር ጀመረና አቃተው። ድምፁ ተሰበረ፣ አፍንጫው ቀደመ፣ ከንፈሩ አልታዘዝ አለ። ከዚያ እንባው መጣ። ሴቶቹ ዘወር ብለው አዩኝ።

"ይኼስ እማማ?"

"ይኼ እውነተኛ ነው" አልሁ።

ምስክርነቴ ትክክል ነበር። እስከ ዛሬም አልፀፀትበትም፤ የሰውየው እንባ እውነተኛ ነበር። በማግሥቱ ሰኞ ጥብቁን ከፈተው።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይል ነበር፤ አልዋሽም። በቅሎዬ ሆዷ ሲሞላ አየሁ። ከዚያ የወንዝ ማዶዎቹ መጡ፤ እነሱም ከብታቸው ተርቧል። ጎረቤቴ ሊመልሳቸው ሄደ፤ የአንዲት ላም ጥጃ አይቶ አልቅሶ አስገባቸው። ከዚያ ሌሎች መጡ። ከሚጋጠው የሚረገጠው በዛ። ለአስተርዮ ማርያም አፈሩ ታየ። መጋቢትንም አላየነው።

ጎረቤቴ በየእሑዱ ጽዱ ሥር ይቆማል፣ ያለቅሳል፣ "ወንድሞቼ፣ ምን ላድርግ!" ይላል። ማን ይቆጣው? በሚያለቅስ ሰው ላይ መቆጣት እንዴት ይቻላል? አቅፈነው ወደየቤታችን እንገባለን። ቤት ስንደርስ ከብቱ ቀና ብሎ ያየናል።

በቅሎዬ ሚያዝያ ላይ ሞተች። ደጄ ላይ በጠዋት ተኛች፣ ስነካት አልነሣ አለች። እኔም ደጃፌ ተቀምጬ፣

በቅሎዬ አትበሉኝ፣ እግሬ ነው የሞተው፤
ዳባትን ከደባርቅ እንዴት ላገናኘው።

አልሁ። መንገድ የሚያልፉ ሴቶች ለበቅሎ ሙሾ ስታወርድ ብለው ሳቁ፤ ኋላ ጠጋ ብለው ሲያዩኝ ሳቃቸውን ተዉት። እኔ እያለቀስሁ ነበር፤ ግጥሙም ከዚያ አላለፈ።

በሦስተኛው ቀን የቀድሞዋ ዳኛ መጣች። "እግዜር ያጽናዎት" ብላ መደቡ ላይ ተቀመጠች። አየኋት፣ ዐይኗ ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ የለም። አንደኛው ዐይኗ መሃሉ ላይ ነጭ ነገር ጥሎበታል።

"ጥርሷ አልቆ ነበር" አለችኝ። "ቢሆንም ክረምቱን ታየው ነበር።"

ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ የእኔንም ጥፋት አላነሣችም። እኔ ደግሞ አፍሬ መቀመጥ ሲገባኝ፣ ያ አመሌ መጣብኝ። ዛሬ እንባሽ የት ሄደ? እላለሁ በልቤ። ስንፈልገው ደረቀ? እሷ ስትሄድ ጀርባዋን ሳይ ቆየሁ።

በዚያው ዓመት ልጆቿን ይዛ ኮሶዬ፣ እህቷ ጋ ገባች። ዐይኗ ነጭ የጣለው በውሸት እንባ የመጣ ፍርድ ነው ተባለ። እኔ ይህን ሲሉ አብሬ ራሴን ነቀነቅሁ። አላልሁም እንጂ ነቀነቅሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቤቴ ዋልሁ። ያኔ ነው ነገሩን ማመንዠግ የያዝሁት። እኔ በደረቅ ዐይን ስንት ለቅሶ መርቼ የለም እንዴ? ብታለቅሺ ይጠፋብሻል ብዬ ራሴን አላስተማርሁም? ታዲያ እሷ ሣር ስትጠብቅ ለምን ከልቧ ታልቅስልን አልሁ? ይህን ለልጄ ልጅ ስነግራት "እምዬ፣ ያው ወረቀቱ የሚለው እኮ ነው" አለችኝ። አይደለም። ወረቀቱ እሷን አያውቃትም።

ልጨርስ። ከጊዜ በኋላ የእኔም ዐይን ሞራ ጣለበት። ልጆቹ እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ፣ ከአስፋልቱ በሚኒባስ ዳባት አወረዱኝ። የዐይን ነርሷ ሴት ናት፣ ተጫዋች ናት፤ ዐይኔን እያየች የየት አገር ሰው ነዎት አለችኝ። ነገርኋት።

"ውይ!" አለች። "እናንተ አገር የዐይኗ ጸጉር የታጠፈባት አንዲት ወጣት ሴት ነበረች፤ የሣር ዳኛ ነኝ የምትል። ያንገበገበችኝ እሷ ናት።"

"ምን አድርጋ?"

"አድርጋ ሳይሆን ሳታደርግ። የነጻ ዐይን ሕክምና ዘመቻ በመጣ ቁጥር ስሟን ጠርተናል፤ ሦስት ጊዜ። ሦስቴም በሩ ድረስ መጥታ ተመለሰች። ብሌንሽን እየቧጨረው ነው፣ ይጠፋል አልኋት። ታውቃለች። በአራተኛው ራሷ መጣች፤ አሁን ዳኛ አይደለሁም፣ ሥሩልኝ አለች። ሠራንላት፣ ግን አንደኛው ዐይኗ አልፎበት ነበር።"

"በሦስቱ ለምን ተመለሰች?" አልኋት። ድምፄ መሰበሩን ሰማሁት።

ነርሷ መብራቷን አጥፍታ ወንበሯን ሳበች።

"ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም" አለች። "'ሣሩ የካቲት ይከፈትና እመጣለሁ። አሁን ዐይኔ ከደረቀ ማን ይሰማኛል?'"